ስለ ዘርና ስለ ቡቃያ፤ ዘር ከመዘራቱ በፊት ስለ ምን እንደሚቆጠር

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች

ዘር ከመሬት በታች ከገባበት ቀን ጀምሮ ቅጠሉ እስኪታይ ድረስ የሚሠራውን ሥራ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ያንን ጊዜ ሥራ የሌለበት የመጠበቂያ ጊዜ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን የአዝመራው ዕድል በብዙው የሚወሰነው በእነዚያው ጥቂት ቀኖች ነው። ዘሩ የሞተ ቢሆን፥ ወይም እጅግ ጠልቆ ቢዘራ፥ ወይም በቅሎ ሳለ ዝናም ቢቋረጥበት፥ በኋላ የሚደረገው አረምና ኩትኳቶ ሁሉ የጐደለውን አይመልሰውም። እንግዲህ ዘር እንዴት እንደሚበቅል ማወቅ ለተማሪ ዕውቀት፥ ለገበሬም ኑሮ ነው።

ይህን ትምህርት ለመስጠት ሰፊ እርሻ አያስፈልግም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ያለውን የቄራን ሰፈር እንመልከት። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው ነው። ዛሬ ቤትና መንገድ ስለ ሞላበት በዚያ የሚያድግ ልጅ ማሳ ሲታረስ የሚያይበት ዕድል ጥቂት ነው። ሆኖም ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ብቅል አለ፤ በጾም ወራት በቆልት ይበላል፤ በወንዙም ዳር ለብዙ ዓመት ጎመን፥ ሰላጣና ቆስጣ ሲተከል ኖሯል። ብቅል፥ በቆልትና የጎመን ችግኝ ለአስተዋይ መምህር በቂ የትምህርት መሣሪያዎች ናቸው። ትምህርቱ ማሳ በሌለበት በቄራ ከተቻለ፥ ማሳው በደጃፉ ባለበት በገጠር ትምህርት ቤትማ እንዴት ይልቁን አይቻል!

ቋንቋችንም ይህን ነገር አስቀድሞ ተረድቶታል። በቀለ፥ ብቅል፥ በቆልት፥ ቡቃያ የሚሉት ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። እናቶቻችን በገንቦና በቅጠል ውስጥ የሚያደርጉት ሥራ ገበሬው በማሳው ከሚያደርገው ሥራ ጋር በመጀመሪያው አንድ ነው።

ስለ ዘር ውስጣዊ አካል

መምህሩ ጥቂት የባቄላ ፍሬዎች ወስዶ አንድ ሌሊት በውኃ ይዘፍዝፍ። በማግሥቱ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ፍሬ ተቀብሎ ገለፈቱን በጥፍሩ ይላጥ። ገለፈቱ ሲወልቅ ፍሬው ለሁለት ክክ ይከፈላል። በሁለቱ ክኮች መካከል፥ በአንዱ ጠርዝ በኩል፥ ታናሽና ጐበጥ ያለች ነገር ተጣብቃ ትታያለች። እርሷ የባቄላው ፅንስ ናት። አንደኛው ጫፏ ወደ ፊት ሥር የሚሆነው ነው፤ ሁለተኛው ጫፏ ደግሞ ግንድና ቅጠል የሚሆነው ነው። እንግዲህ ዘር ማለት የሞተ ነገር አይደለም፤ ሕይወት ያላት ታናሽ ተክል ተኝታበት የምትገኝ ቤት ናት።

ሁለቱ ክኮች ለፅንሷ የተዘጋጁ ስንቅ ናቸው። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው እንግዳ ተቀባይ ቤት እስኪደርስ ድረስ በሶውን ይዞ እንደሚወጣ፥ ፅንሷም አረንጓዴ ቅጠል አውጥታ በፀሐይ ብርሃን የራሷን ምግብ መሥራት እስክትጀምር ድረስ የምትኖረው በዚህ ስንቅ ነው። በስንዴ፥ በገብስ፥ በበቆሎና በጤፍ ግን ፍሬው ለሁለት አይከፈልም። ስንቁ ዱቄት የሚሆነው ነጩ ክፍል ነው፤ ፅንሱም በፍሬው አንድ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ተማሪዎቹን «በገበያ የሚሸጠው የአተርና የምስር ክክ ቢዘራ ስለ ምን አይበቅልም?» ብሎ ይጠይቃቸው። መልሱን አሁን ራሳቸው ሊያገኙት ይችላሉ። ፍሬው ሲከካ ስንቁ ይቀራል እንጂ ፅንሱ ይሰበራል። የተቈላና የተቀቀለ እህልም የማይበቅለው ፅንሱ በሙቀት ስለሚሞት ነው። ነቀዝ የበሳው ፍሬም ከውጭ ሲያዩት ዘር ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ፅንሱ ተበልቷል፤ ወይም ስንቁ ጎድሏል።

ዘር ስለሚነቃበት ነገር

የተኛው ፅንስ እንዲነቃ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነዚህም ውኃ፥ አየርና የተመጠነ ሙቀት ናቸው። ይህን ለማስረዳት ሦስት ብርጭቆ ይበቃል። በመጀመሪያው ደረቅ ጨርቅ ላይ አሥር የገብስ ፍሬ ይቀመጥ፤ በሁለተኛው በራሰ ጨርቅ ላይ አሥር ፍሬ ይቀመጥ፤ በሦስተኛው አሥር ፍሬ ተደርጎ ብርጭቆው በውኃ ይሞላ። ከጥቂት ቀን በኋላ የመጀመሪያው እንዳለ ይገኛል፤ ሁለተኛው ይበቅላል፤ ሦስተኛው ግን ከጥቂት በቀር ሳይበቅል መሽተት ይጀምራል። ስለ ምን ቢሉ፥ ዘር ሲነቃ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ በውኃ ውስጥ ሰምጦ የቀረ ዘር ግን የሚበቃውን አየር አያገኝም። ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ገበሬው ማጠንፈፊያ ቦይ የሚያወጣበት ምክንያት ይህ ነው።

ብቅል የምታዘጋጅ እመቤት ይህን ሁሉ በእጇ ታውቀዋለች። ገብሱን ትዘፈዝፋለች፤ ውኃውን ታጠልላለች፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሙቀት ባለበት ሥፍራ ታኖረዋለች። ውኃውን ባታጠልለው ይበሰብሳል፤ በብርድ ብታኖረው ይዘገያል። ጥቅሉን በዳሰሰች ጊዜ ሙቀት ይሰማታል፤ ይህም ሙቀት ከፅንሶቹ እስትንፋስ የሚወጣ ነው። ከዚያም ከእያንዳንዱ ፍሬ አንድ ጫፍ ቀጫጭን ነጫጭ ሥሮች ይወጣሉ።

መምህሩ ደረቅ ገብስና ደረቅ ብቅል ለተማሪዎቹ ሰጥቶ ያስቀምሳቸው። ብቅሉ ይጣፍጣል። ፅንሱ ሲነቃ ኢንዛይም የሚባሉ ረቂቅ ነገሮች በፍሬው ውስጥ ይሠራሉ፤ እነርሱም ስታርች የሚባለውን ነጭ ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጡታል። ስታርች በውኃ አይሟሟም፤ ስኳር ግን ስለሚሟሟ ወደ ፅንሱ ሊደርስ ይችላል። ስንቁ ከአቁማዳው ወጥቶ የሚበላ ሆነ ማለት ነው። ጠላ ጠማቂዋ የምትፈልገው ይህንኑ ስኳር ስለ ሆነ፥ ፅንሱ ስንቁን በልቶ ሳይጨርሰው ብቅሉን በፀሐይ ታደርቀዋለች።

ሥር ቀድሞ ስለ መውጣቱ

ከዘር መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠል ሳይሆን ሥር ነው። ውኃ የሚስብ ሥር ሳይኖር የወጣ ቅጠል ወዲያው ይጠወልግ ነበርና ሥርዓቱ የቀና ነው። መምህሩ በብርጭቆ ግድግዳና በራሰ ጨርቅ መካከል አራት የባቄላ ፍሬዎችን ያኑር፤ አንዱን ቀጥ አድርጎ፥ አንዱን ዘቅዝቆ፥ ሁለቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አጋድሞ። ከጥቂት ቀን በኋላ የአራቱም ሥር ወደ ታች ሲታጠፍ ይታያል። ዘሪ ፍሬውን በእጁ ሲበትን እንዴት እንደሚወድቅ የማይጨነቀው ስለዚህ ነው።

ሥር የታችኛውን አቅጣጫ በምን ያውቃል? ቶማስ አንድሩ ናይት የተባለ እንግሊዛዊ በ1806 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በውኃ ኃይል በሚሽከረከር መንኰራኵር ላይ ዘር አስሮ አበቀለ። መንኰራኵሩ በፍጥነት ሲዞር ሥሮቹ ወደ ውጭ፥ ቡቃያዎቹም ወደ መካከል አደጉ። በዚህም ሥር የሚከተለው ክብደት የሚስብበትን አቅጣጫ እንደ ሆነ ታወቀ።

አሁን ገበሬው ከሁሉ አብልጦ ሊያስተውለው ወደሚገባው ነገር ደርሰናል። ውኃ የጠጣ ዘር ሥሩን ገና ሳያወጣ ቢደርቅ ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ ዳግመኛ ዝናም ሲያገኝ ይበቅላል። ሥሩ ከወጣ በኋላ ግን ቢደርቅ ይሞታል። ያን ጊዜ መመለሻ የለውም። በግንቦት ወይም በሰኔ የመጀመሪያው ዝናም ዘንቦ ዘሩን ካበቀለ በኋላ ለብዙ ቀን ሲቋረጥ፥ በጎታ ያለው ዘር ደኅና ሲሆን በማሳ ያለው የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልምድ ያለው ገበሬ ዝናም ጠብ እንዳለ ሳይቸኩል እርጥበቱ ወደ አፈሩ ውስጥ ስንት ጣት እንደ ገባ ቆፍሮ የሚያየው በከንቱ አይደለም።

ከዚሁ ዕውቀት አንድ ጥቅም ተገኝቷል። በቆሎን ወይም ሽምብራን አንድ ሌሊት በውኃ ዘፍዝፎ፥ በማግሥቱ ላዩን አጠንፍፎ፥ ሥር ሳያወጣ እርጥበት ባለው መሬት ቢዘሩት ፈጥኖ ይበቅላል። በደረቅ መሬት ግን እንዲህ ማድረግ አይገባም።

ቅጠል ወደ ብርሃን ስለ መውጣቱ

ሥሩ ከተተከለ በኋላ ቡቃያው ወደ ላይ ይነሣል። በዚህ ጊዜ እህሎቻችን በሦስት መንገድ ይሄዳሉ፤ ተማሪዎችም በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ዘርተው ሊያዩአቸው ይችላሉ።

አደንጓሬ ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ከመሬት በላይ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት አንገቱን ያጐብጣል፤ አፈሩንም በታጠፈው ጀርባው ይገፋል፤ ለስላሳው ጫፉ እንዳይላጥ ነው። ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ ግን ክኮቻቸውን ከመሬት በታች ትተው ቅጠላቸውን ብቻ ይልካሉ። ስለዚህ የአደንጓሬን ቡቃያ ከክኮቹ በታች ዶሮ ብትቈርጠው ይሞታል፤ አተር ግን ጫፉ ቢቈረጥ ስንቁ ከመሬት በታች ስለ ቀረ ዳግመኛ ሊያቈጠቍጥ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ የገብስ፥ የስንዴ፥ የጤፍና የበቆሎ መንገድ ነው። የእነዚህ የመጀመሪያ ቅጠል እንደ ሰይፍ በሰገባ ተሸፍኖ አፈሩን ይወጋል። ሰገባው ከመሬት በላይ ሲደርስና ብርሃን ሲያገኝ ማደጉን ያቆማል፤ ቅጠሉም ቀድዶት ይወጣል። ቻርለስ ዳርዊን በ1880 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ የዚህ ሰገባ ጫፍ በቆብ ቢሸፈን ቡቃያው ወደ ብርሃን መታጠፉን ይተዋል፤ ብርሃኑን የሚያውቀው ጫፉ ነውና።

ነገር ግን ሰገባው የሚረዝምበት ልክ አለው። ዘሩ ከልክ በላይ ጠልቆ ቢዘራ ቅጠሉ ከመሬት በታች ይከፈትና ታጥፎ ይቀራል፤ ስንቁም ያልቃል። የጤፍ ነገር በዚህ ይታወቃል። የአንድ ስንዴ ፍሬ ክብደት ከመቶ በላይ የጤፍ ፍሬዎችን ያህላል። ስለዚህ የጤፍ ስንቅ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሩቅ ሊሄድ አይችልም። አባቶቻችን ጤፍን በልዝብ መሬት ላይ በትነው ከላይ ብዙ አፈር የማያለብሱት፥ ማሳውንም አስቀድመው በከብት የሚያስረግጡት፥ ታናሹ ፍሬ ሳይሰምጥ ከእርጥቡ አፈር ጋር እንዲጣበቅ ነው። ስንዴና ገብስ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፥ በቆሎ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ባቄላም ከዚህ ጥቂት ጠልቆ ሊዘራ ይችላል። በአጭሩ ጥልቀቱ በስንቁ ይለካል።

ስለ ችግኝ

የአትክልት ዘር ታናሽ ስለ ሆነ በቀጥታ በማሳ ከመዝራት ይልቅ አስቀድሞ በመደብ ማፍላት ይሻላል። በቄራ ወንዝ ዳር የነበሩ አትክልተኞች ጎመንን እንዲሁ ያደርጉት ነበር። የጎመን ዘር በደቀቀ አፈር ላይ በስሱ ተዘርቶ ጥቂት አፈር ይለብሳል፤ እስኪበቅልም ድረስ በሣር ይሸፈናል። መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት የልብ ቅርጽ ያላቸው ቅጠሎች ክኮቹ ናቸው እንጂ እውነተኛው ቅጠል አይደሉም። እውነተኛው ቅጠል ከእነርሱ መካከል ይወጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክሉ ከስንቅ ተላቆ በራሱ መኖር ይጀምራል፤ ቡቃያ የነበረውም ችግኝ ይሆናል።

በዚህ ዕድሜ ብዙ ችግኝ የሚሞተው ከውኃ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከውኃ ብዛትም ነው። ተፋፍጎ የተዘራና ሁልጊዜ የራሰ መደብ ላይ ችግኙ ከአንገቱ ቀጥኖና ጠቍሮ ይወድቃል። ይህ በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ ሻጋታ መሳይ ነገሮች የሚመጣ በሽታ ነው። መድኃኒቱ አራርቆ መዝራት፥ ጧት ማጠጣትና አየር እንዲነፍስበት ማድረግ ነው። ችግኙ ወደ ማሳ ከመዛወሩ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ጥላውና ውኃው እየተቀነሰ ይለማመድ፤ የሚዛወረውም ፀሐይ ከበረደ በኋላ ወይም ደመና ባለበት ቀን ይሁን።

የቄራ አትክልት ቦታዎች ሌላም ነገር ያስተምሩናል። የመጀመሪያው ስለ ፍግ ነው። ከብት የዋጠው የሣርና የአረም ዘር ሁሉ በሆዱ አይፈጭም፤ ሳይሞት ከእበት ጋር የሚወጣ ብዙ ነው። ያልበሰለ ፍግ በመደብ ላይ ቢደረግ አረሙን ከችግኙ ጋር ያበቅላል፤ ለስላሳውንም ሥር ያቃጥላል። ተከምሮ ግሎ የበሰለ ፍግ ግን አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል። ሁለተኛው ስለ ውኃ ነው። በቄራ አካባቢና በሌሎችም የአዲስ አበባ ወንዞች ዳር የበቀሉትን ቅጠላ ቅጠሎች የመረመሩ ሊቃውንት ከፋብሪካና ከከተማ ቆሻሻ የሚመጡ እንደ ክሮሚየም፥ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን በውስጣቸው አግኝተዋል። ሥር ውኃ ሲጠጣ በውኃው የሟሟው መርዝ አብሮ ሊገባ ይችላል፤ ቅጠሉን ማጠብም በውስጡ የገባውን አያወጣውም። ስለዚህ የትምህርት ቤት አትክልት ከንጹሕ ውኃ ይጠጣ።

ስለሚተኛ ዘርና ስለ ዘር ዕድሜ

ውኃ፥ አየርና ሙቀት አግኝቶም የማይበቅል ሕያው ዘር አለ። የግራር ዘር ገለፈቱ እጅግ የጠነከረ ስለ ሆነ ውኃ አያስገባም። በፈላ ውኃ ነክሮ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቢተዉት፥ ወይም ገለፈቱን በሻካራ ድንጋይ ጥቂት ቢፍቁት ይበቅላል። ፍየልና ሌላም እንስሳ ፍሬውን በልተው በሩቅ ሥፍራ ሲጥሉት የሚበቅለው በዚህ ዓይነት ነው።

የዘር ዕድሜም እንደ ዓይነቱና እንደ አያያዙ ይለያያል። በ1879 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዊልያም ቢል የተባለ አሜሪካዊ መምህር 20 ጠርሙሶች የአረም ዘርና አሸዋ ሞልቶ በሚሺጋን ቀበረ። በ2021 ዓመት፥ ከ142 ዓመት በኋላ፥ ከተቀበሩት አንዱ ሲወጣ በቅለው የተገኙ ዘሮች ነበሩበት። በእስራኤል አገር በማሳዳ ተቈፍሮ የተገኘ፥ ዕድሜው 2,000 ዓመት ያህል የሆነ የተምር ፍሬ በ2005 ዓመት ተተክሎ በቀለ። ይህ ግን ደረቅ በሆነ አገር ያጋጠመ ነው እንጂ በቤታችን ያለው እህል እንዲህ አይቈይም።

ዘርን የሚያስረጁት እርጥበትና ሙቀት ናቸው። ሊቃውንት በግምት ያወጡት ሕግ እንዲህ ይላል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ አንድ እጅ ሲቀነስ፥ ወይም የተቀመጠበት ሥፍራ ሙቀት 5 ዲግሪ ሲቀነስ፥ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የዘር እህል ከምግቡ እህል ተለይቶ፥ በደንብ ደርቆ፥ አፉ በተዘጋ ዕቃ፥ ቀዝቃዛና ጥላ በሆነ ሥፍራ ይቀመጥ።

ይኸው ሕግ በታላቅ ሥፍራም ይሠራበታል። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የተባለው መሥሪያ ቤት ሥራውን የጀመረው በ1976 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚያ የአገራችን የእህል ዘር ደርቆ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚሆን ብርድ ይጠበቃል። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ የተራበው ገበሬ ለዘር ያኖረውን ጭምር እንዲበላ ተገድዶ ነበርና፥ ከአባት የተወረሰ ዘር ከአንድ አገር ፈጽሞ ሊጠፋ ይችል ነበር። መሥሪያ ቤቱን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬዎችን ዘር ከገበሬዎቹ ጋር ሆነው ለመጠበቅ ስለ ደከሙ በ1989 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ዘርን ስለ መቍጠር

የዚህ ሁሉ ትምህርት ፍሬ አንድ ቀላል ሥራ ነው። ዘር ሕያው መሆኑ በመልኩ ፈጽሞ አይታወቅም፤ በማብቀል ግን ይታወቃል። መምህሩ በግንቦት መጀመሪያ፥ ዘር ከመዘራቱ በፊት፥ የአገር ሽማግሎችን ለምኖ ከየቤቱ ለዘር ከተቀመጠው እህል አንድ አንድ እፍኝ ያስመጣ። እፍኙ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎታው ላይ፥ መካከልና ታች ተደባልቆ የተወሰደ ይሁን። ተማሪዎቹ ሳይመርጡ 100 ፍሬ ይቍጠሩ፤ በራሰ ጨርቅ ላይ በ10 ረድፍ አሥር አሥር አድርገው ይደርድሩ፤ በሌላ ራሰ ጨርቅም ይሸፍኑ። ጨርቁ እንዳይደርቅ፥ ውኃም እንዳይተኛበት በየቀኑ ይጠብቁት። ከ7 እስከ 10 ቀን ቈይተው ደኅና ሥርና ቡቃያ ያወጡትን ይቍጠሩ። በብርድ አገር ጥቂት ቀን ይጨመር።

ከ100 ፍሬ 90 ቢበቅል ዘሩ መልካም ነው። 60 ብቻ ቢበቅል ግን በልማድ 100 ኪሎ የሚዘራ ገበሬ ያንኑ ያህል ቡቃያ ለማግኘት 150 ኪሎ መዝራት ይኖርበታል። የቀሩት 60ዎቹም ያረጁና የደከሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፥ ቢቻል ዘሩን መለወጥ ይሻላል። ሒሳቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ይሥሩት፤ ውጤቱም ለባለቤቱ በስውር ይነገር፤ ማንም ሰው በጎረቤቱ ፊት ስለ ዘሩ ማፈር አይገባውም።

በግንቦት ዘሩ እንዳልበቀለ የሰማ ገበሬ ከዘመድ ይበደራል፤ ከገበያ ይሸምታል፤ ወይም መጠኑን ይጨምራል። ያንኑ ነገር በሐምሌ በማሳው ላይ ያየ ግን የዘር ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ አንድ እፍኝ እህልና አንድ ራሰ ጨርቅ ለአንድ ቤት የዓመት እንጀራ ዋስ ሊሆኑ ይችላሉ።